አራጋውን ወንዝ ሳናሻግር

ባለፈው ሰሞን ፓርኩ አዲስ የጎብኚዎች ማዕከል ሠርቼ ጨረስኩ ብሎ ነባር ስካውቶችን ጠራ። ነባር ማለት እንግዲህ እኔና ጥርሳቸው ያለቀ ጥቂት ሰዎች ነን። ጉልበቴ አልታዘዝ ካለኝ ቆይቷል፤ ቢሆንም መካነ ሰላም ድረስ መኪና ልከውልኝ እምቢ የምል ሰው እንዳልሆንኩ የሚያውቀኝ ያውቃል። ቤቱ ያምራል፣ ምን እዋሻለሁ። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰፊ ቴሌቪዥን ጭላዳ ሲዘልና ቀይ ቀበሮ አይጥ ላይ ሲያደባ ያሳያል። ያስጎበኘችን ልጅ ጦይባ ትባላለች፤ አረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ ስካውት የሆነች፣ የደንብ ልብሱን ኮት ከሻሿ ጋር አስማምታ የምትለብስ ቀልጣፋ ልጅ ናት። በደረስንበት ሁሉ "አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ደከሙ እኮ" ትለኛለች። እኔ ምኔ ይደክማል እያልኩ ስኮራ በረንዳው ላይ ስንወጣ ሽታው መጣብኝ። ለውበት ብለው በአዲስ የጓሳ ሣር ከድነውታል፤ ካፊያ ጥሎበት ኖሮ እርጥብ ጓሳ ይሸታል። እውነትም ተቀመጥኩ።

የኛ ማዕከል እንዲህ ነበር የሚሸተው። ፓርኩ ገና ስም እንደወጣለት፣ ደመወዛችን ሲመጣ ይመጣል ሳይመጣም ይቀራል በሚባልበት ዘመን፣ በአስታ እንጨት ማገር፣ በጓሳ ክዳን አንድ ሰፊ ጎጆ አቆምንና "የጎብኚዎች ማዕከል" ተባለ። ስሙን የጻፈልን መካነ ሰላም መናኸሪያው ማዕዘን ላይ የሱቅ ታፔላ የሚስል ሰው ነው፤ ከጽሑፉ ጎን ቀይ ቀበሮ ሳልበት ብንለው ጥጃ የመሰለ ነገር ሳለበት። የመጣው ፈረንጅ ሁሉ እሱን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። የለበስነው ካኪ እጅጌው ከጣታችን የሚያልፍ፣ ትከሻው ደግሞ የሚይዝ ነበር፤ ማን ለክቶ እንዳሰፋው አላህ ይወቅ። ጫማችን የገበያ ሸራ ነው። ብርድ ሲጠና በካኪው ላይ ባና እንደርባለን፤ ከሩቅ ሲያዩን ስካውት ሳይሆን ለቅሶ የምንደርስ ነበር የምንመስለው። ከተማ በወረድን ቀን ሻይ በአንድ ብር እንጠጣለን፤ ቅጥቅጡ አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ቆሞ በአምባሰል የሚያንጎራጉር ካሴት ይለቅና ሰዉ ተሳፋሪ ሆነም አልሆነም ዙሪያውን ይቆማል። እኔና አራጋው ዘፈኑ እስኪያልቅ እንቆምና ከዚያ ሽቅብ ወደ ጫካችን እንሄዳለን።

አራጋው ባልደረባዬ ነው። እሱ ክርስቲያን እኔ እስላም፤ እሱ አጭር እኔ ረዥም፤ እሱ ሲናደድ ዝም ይላል፣ እኔ ስናደድ አገር ይሰማል። ከጎጆው መሃል ሁለታችን በጭቃና በጭድ ያቦካነው ተራራ ነበረ። ፓርኩን ከነገደሉ፣ ከነወንዙ፣ እስከ መካነ ሰላም ዳገት ድረስ አሳንሰን የሠራነው ነው። የኛ ፕሮግራም የሚባለው ይህ ነበር፦ የትምህርት ቤት ልጆች ወይም ገበያተኛ ሲመጣ እኔ ጣሳዬን ይዤ ከጭቃው ተራራ አናት ላይ ውሃ አንቆረቁራለሁ፤ ውሃው ሸንተረሩን ይዞ ይወርዳል፤ አራጋው ደግሞ "ያ የናንተ ወንዝ ነው፣ ይሄ የጎረቤቶቻችሁ የወግዲዎች ነው፣ ጓሳው ካለቀ ሁለቱም ያልቃሉ" ይላል። ከዚያ ስለ ውሻ ይመክራል። ውሾቻችሁን እሰሩ፣ ወደ ጓሳው አትልቀቁ፣ በሽታቸው ቀበሮዎቹን ይጨርሳል ይል ነበር። የሱ ዋና ስብከት ይኸው ነበር፤ የደረሰበትም ከዚሁ ወገን መሆኑ ያናድደኛል።

የሁዳዴ ጾም እኩሌታ ላይ ነው። እኔ በወዲያኛው ጫፍ ቅኝት ላይ ሳለሁ አንድ ውሻ ጓሳው ሜዳ ላይ ቀበሮ ሲያባርር አራጋው ደረሰበት። ሊያባርረው ዱላ ሲያነሳ ውሻው ዞሮ ክንዱን፣ ካኪውን በስቶ ነከሰው። አራጋው ውሻውን ገድሎ ጉድጓድ ውስጥ ጣለውና ቤቱ ሄደ። እኔ ስመለስ እረኞቹ ነገሩኝ። ያ ውሻ ከዚያ በፊት አንዲት አህያ ነክሶ ኖሮ፣ አህያዋ የታሰረችበትን ገመድ እየነከሰች፣ ለሀጯን እያዝረበረበች ሞታለች። ወሬውን ይዤ ወደ አራጋው ቤት ስሄድ መንገዱ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም።

ደጁ ላይ ክንዱን በነጠላ ጠቅልሎ ተቀምጧል።

"ኸይር ነው አራጋው?" አልኩት።

"ኸይር ነው። ውሻ ቢጤ ቧጨረኝ።"

"ያ ውሻ እብድ ነው። አሁኑኑ ተነስ፣ መካነ ሰላም እንውረድ።"

ሚስቱ እመቤት ከውስጥ ወጣች። ድምፅዋ ከአፏ ብዙ የማይርቅ ሴት ናት፤ ስትናገር ጎንበስ ብሎ መስማት ያስፈልጋል። "አያ ይመር፣ አብሽሩ። መድኃኒት አምጥቼ አጠጥቼዋለሁ" አለችኝ። ከማዶ ካሉ አንድ አዋቂ ሽማግሌ፣ ለእብድ ውሻ የሚሆን ሥር አስወቅጣ ማምጣቷ ነው። ያንን ሥር በአገራችን ሁሉም ያውቀዋል፤ ደንቡንም ያውቀዋል። መድኃኒቱ ወንዝ አያሻግርም። የጠጣ ሰው ጨረቃ ዞራ እስክትመጣ ድረስ ወራጅ ውሃ ከተሻገረ መድኃኒቱ ይፈርስና በሽታው በዚያው ይገድለዋል ይባላል። ክትባቱ ያለው ደግሞ መካነ ሰላም ብቻ ነው፤ በኛና በመካነ ሰላም መካከል ወንዙ አለ።

"ሳልጠጣ ብትደርስ ኖሮ እሄድልህ ነበር፤ አሁን ጠጥቻለሁ" አለ አራጋው። "ብሻገር እሞታለሁ ይመር። አትድከም።"

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ሰደብኩት ሁሉ። አስረን እናሻግረው ያሉም ነበሩ፤ እኔ ግን ፈራሁ። ወንዙ መሃል ስደርስ እሞታለሁ ብሎ ከልቡ የሚያምንን ሰው ጠፍሮ ውሃ ውስጥ ማስገባት ምን እንደሚያመጣ ማን ያውቃል። የጤና ኬላዋን ሠራተኛ ለምኜ አመጣኋት። ቁስሉን በሳሙና አጥባ፣ አጥባ፣ ስትወጣ በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፦ "መርፌው የሚያድነው በሽታው ሳይነሳ ነው። ቁስሉ ያሳክከዋል፣ ከዚያ ውሃ መፍራት ይጀምራል። ውሃ ከፈራ በኋላ ግን መርፌም አይመልሰው።"

እንቅልፍ ያጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሰው ወንዝ አልሻገርም ይላል። ለመድኃኒቱ ብሎ ነው ወይስ ውሃ መፍራት ጀምሮ? ደግሞ ጾመኛ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፉ አይዞርም፤ ታመሃልና ጠጣ ስለው "ታምሜ ነው እንዴ የምጾመው" ብሎ ዘጋኝ። እኔ ደግሞ ተረኛ ስለሆንኩ ከሰዓት በኋላ አጠገቡ አልገኝም። እመቤትን እንዳልጠይቅ ለምን እንደጠየቅኩ ይገባታል። በየጠዋቱ እየሄድኩ ፊቱን አየዋለሁ፤ ክንዱን ያክ እንደሆነ እጠብቃለሁ።

አንድ ቀን "ዝናብ ገብቶ ጭቃው ተሰንጥቋል፣ ና እንለስነው" ብዬ ወደ ማዕከሉ ወሰድኩት። ውሸቴን ነው፤ ልፈትነው ነው። ጣሳዬን ሞልቼ፣ ዓይኔን ፊቱ ላይ ተክዬ፣ ከጭቃው ተራራ አናት ላይ ማንቆርቆር ጀመርኩ። ቢንቀጠቀጥ፣ ፊቱን ቢያዞር፣ ጉሮሮውን ቢይዝ ብዬ እጠብቃለሁ። እሱ ግን ጭራሽ ወደ ውሃው ጎንበስ አለ። ምን እያየ እንደሆነ ግራ ገባኝ።

"ይመር፣ ጀርባውን እየው" አለኝ።

አየሁት። ውሃው በግራም በቀኝም ወርዷል፤ የተራራው ጀርባ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረቅ ነው። ከኛ ጎጆ ተነስቶ፣ የወንዙን ራስ በላይ በኩል ዞሮ፣ ወደ መካነ ሰላም ዳገት የሚወርድ አንድ ደረቅ መስመር ነው። ስንት ዓመት ውሃ ያፈሰስኩት ሰውዬ የረጠበውን ብቻ ሳሳይ ኖሬያለሁ። ጀርባውን ክፍል ክፍሉን ሁለታችንም ቃኝተነዋል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጉዞ የሄደበት ግን የለም፤ ገደል ነው፣ ጉም ነው፣ ማን ሥራ ፈትቶ በዚያ ይዞራል። አራጋው ጣቱን በደረቁ ላይ አስኬደና "በዚህ ከሆነ እሄዳለሁ" አለ። ድምፁ ሲሰበር ሰማሁት፤ ያን ጊዜ ነው ለካ እሱም ሞት ፈርቶ ኖሯል ያልኩት።

እመቤት ይህን ስትሰማ "እኔም እሄዳለሁ። ውሃ አለ የለም የምለው እኔ ነኝ" አለች። መድኃኒቱን ያጠጣችው እሷ ናት፤ ቢፈርስ በሷ እጅ እንደፈረሰ ነው የምትቆጥረው። አልተከራከርኳትም።

ሲነጋጋ ወጣን። እሷ ከፊት፣ ረዥም ዱላ ይዛ፣ ሣሩን እየወጋች። አሁን ሳስበው ያስቀኛል እንጂ የዚያን ቀን አላሳቀኝም። ትንሽ ረግረግ ባየች ቁጥር ትቆማለች።

"ይሄ ውሃ ነው" ትላለች።

"ጤዛ ነው እመቤት። ጤዛ ወንዝ ሆኖ ያውቃል እንዴ?" እላለሁ።

"የሚሄድ ከሆነ ወንዝ ነው።"

ተጎንብሳ በመዳፏ ትነካዋለች፤ ይሂድ አይሂድ ታያለች። ከተጠራጠረች በገደሉ አፋፍ ዙሪያውን እንዞራለን። ሰዓቱ ይሄዳል። ሆስፒታሉ የመርፌ ክፍሉን ማምሻውን ይዘጋል፤ ማግስቱ ደግሞ በዓል ነው። ልቤ ይቃጠላል፤ ደፍሬ ግን ፍጠኚ አልላትም። እኩለ ቀን ላይ ጉሙ ወረደብንና ሰው የሚያክሉት የጅብራ ተክሎች ከሰው የማይለዩ ሆኑ። ከበታቻችን ጭላዳዎች ሲጮሁ ይሰማል፤ ከዚያ ገደሉ በየት በኩል እንዳለ እናውቃለን። አራጋው መሃል ላይ ሆኖ ዝም ብሎ ይሄዳል። በየመሃሉ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ያክካል።

"ምነው?" አልኩት።

"ይበላኛል።"

እያገገመ ያለ ቁስልም ይበላል፤ ያ የተረገመ በሽታም ሲነሳ ያሳክካል። የትኛው ነው? ማንን ልጠይቅ?

የእጅ ሰዓቴ ዘጠኝ ሲል እመቤት ተቀመጠች። በሶ ፈታች፣ ከኮዳው ውሃ በኩባያ ቀዳችና ሰጠችው። አራጋው ኩባያውን ተቀበለ፤ አየው፤ መሬት ላይ አስቀመጠው። እኔም እመቤትም ኩባያው ላይ አፈጠጥን። እሷም እንደኔ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ስትጠብቅ እንደነበር ያን ጊዜ አወቅኩ። እሱ ቆቡን አወለቀ፣ አማተበ፣ የሚለውን ብሎ ጨረሰና ኩባያውን አንስቶ ተጎነጨ። ከዚያ ትን አለው። እያሳለ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ ሲታገል ያ አላህ፣ አበቃለት አልኩ። ሳሉ ሲለቀው የቀረውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ አፉን ጠረገና አየን።

"ምን ታፈጣላችሁ?"

ከፊታችን አነበበውና "ውሃ ፈራ ብላችሁ ነው?" አለ። እመቤት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እሱም ኩባያውን ዘርግቶ ጨምሪልኝ አላት።

ይህን ለጦይባ ስነግራት "አባባ፣ ዛሬ እኮ መርፌው ክንድ ላይ ነው የሚሰጠው፤ ውሾቹንም በየዓመቱ እየዞርን እናስከትባለን" አለችኝ። ደግ ነው፣ እሰየው ነው። ስልኳን አውጥታ የጀርባውን መንገድ በካርታ ላይ አሳየችኝ፤ አሁን ጎብኚ በገንዘቡ ይሄድበታል ትላለች። ቀጭን ቀይ መስመር ነው። የዚያን ቀን ጉም በስልክ አይታይም።

ያኔ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉሙን ከላያችን ጥለን ወጣንና ከተማው ታየን፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ያብረቀርቃል። ከጀርባው ወርደን ገና ጠጠር እየተደፋበት ያለው አዲስ መንገድ ላይ ገባን። አሁን በቃ፣ አለፈ ስል ሰማሁት። ከእግራችን በታች ውሃ ይንሿሿል። መንገድ ሠሪዎቹ ጉብታውን ሲቆርጡ ምንጭ አውጥተዋል፤ በቱቦ አድርገው ከመንገዱ ሥር አሳልፈውታል። እኛ የምናውቀው፣ በጭቃም የሠራነው ተራራ ላይ ይህ ውሃ የለም። በላይ በኩል የተቆረጠ ቋጥኝ ነው፤ በታች ገደል ነው። መዞሪያ የለውም። ወደ ኋላ ብንመለስ መርፌው ቀረ።

እመቤት ቆመች። ሰምታዋለች። ዞራ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ እኔ ምን እንዳልኳት፣ ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም። ድንገት ባሏ ላይ ጮኸችበት።

"አጥሩን ጠግን ስልህ ዓመት ሞላኝ። ፍየሉ ሁሉ ጓሮዬን ሲጨርሰው ታያለህ አይደል? አንተ ቀበሮ ጠባቂ እንጂ የቤትህ ጠባቂ ነህ?"

"አሁን ምን አመጣው አጥሩን?" አለ አራጋው።

"አሁን ነው የታወሰኝ። ዝም በል ደግሞ። እናትህም ይህንኑ ነው የሚሉህ።"

የእመቤት ድምፅ የውሃውን ድምፅ ውጦ፣ ገደሉን መትቶ ይመለሳል። ክንዱን ይዛ እየጎተተች፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ፍየሉ፣ ስለ ክዳኑ ማፍሰስ ትለፈልፋለች፤ እሱም "ኧረ ተይኝ ሴትዮ" እያለ ይከተላታል። በዚያ ጭቅጭቅ መሃል ቱቦውን ተሻገሩ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ወዲያ ማዶ ትንሽ እንደሄድን እመቤት ነጠላዬን ላስተካክል ብላ ወደ ኋላ ቀረች። ስደርስባት መንገዱ ዳር ቁጢጥ ብላለች። እጄን ያዘችኝ።

"አያ ይመር፣ ገደልኩት?" አለችኝ፣ በዚያ በማይሰማ ድምፅዋ።

"አብሽሪ" አልኳት። ደግፌ አስነሳኋት።

የመርፌ ክፍሉ ሊዘጋ ሲል ደረስን። ያኔ መርፌው ሆድ ላይ ነው፤ በየቀኑ፣ ተራ በተራ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ። መናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየንለት። ጎረቤቶቹ እስላሙም ክርስቲያኑም የጾም ሽሮ እየሠሩ ያመጡልናል፤ ያው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ያው ካሴት ያንጎራጉራል። እመቤት በየቀኑ ከሆስፒታሉ መስኮት ሥር ትቀመጣለች። በየማታው አራጋው ውሃ ሲጠጣ ታያለች፤ ጠጥቶ ሲጨርስ ነው እህል የምትቀምሰው። ፋሲካ ሆነ፤ ሁሉም ሲበላ እሷ ኩባያውን ነበር የምታየው። ከሳች፣ ጠቆረች። የሆነ ሌሊት አንድ ነገር ቢጀምረው ሐኪሙ ዘግይቶ ነው የመጣው ይላል፤ እሷ ግን እኔ ነኝ ያሻገርኩት ስትል ትኖራለች። ይህ ነበር የኔ ጭንቅ።

መርፌው አለቀ። ጨረቃዋም ዞረች። ሐኪሙ በጀርባው መታ መታ አድርጎ ሂድ አለው። ወንዙ አሁን አይከለከልም፤ አጭሩ መንገድ ያ ነው፤ አራጋው ግን "በመጣንበት ልሂድ" አለ። ለምን ስንለው እንዲሁ ነው አለ። እመቤት ዕቃዋን ተሸክማ ወደ ፊት ቀደመችን። እኔና እሱ ቱቦው ላይ ስንደርስ ቆመ። ውሃው ይንሿሿል። ምን ልል እንደሆነ ሳስብ እሱ ቀደመኝ።

"ያን ቀን እዚህ ጋ ውሃ መኖሩን ያላወቅኩ መስሎህ ነው?" አለኝ።

ዞር ብዬ አየሁት።

"ሰምተኸው ነበር?"

"ውሃውን አልሰማሁም። እሷን ነው የሰማሁት። ስንኖር ስንኖር ድምፅዋን ከፍ አድርጋብኝ አታውቅም። ስትጮህ ከሥሬ ምን እንዳለ ገባኝ።"

"ታዲያ እሞታለሁ ስትል አልነበር? ለምን አልተመለስክም?"

አራጋው ክንዱን፣ ጠባሳውን፣ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። "ያ መድኃኒት ያድነዋል ብላ ከኔ ይልቅ የምታምነው እሷ ናት። ብሻገር እንደምሞትም የምታምነው እሷ ናት። እያመነች እጄን ይዛ ጎተተችኝ። እኔ ያን ያህል ከከፈለችልኝ ሰው ፊት ምን ብዬ እመለሳለሁ?" አለኝ። ዓይኑን ጠረገ። "አደራህን፣ እንዳወቅኩ እንዳትነግራት። አሻግሬ ያዳንኩት እኔ ነኝ ብላ ትጽናናበት።"

እመቤት ከፊት ዳገቱ ላይ ቆማ ወደኛ ዞራለች። የምትለው አይሰማም፤ እንድንፈጥን በእጇ ትጠራናለች።

"አጥሩን ዛሬ ልጀምረው" አለ አራጋው፣ መንገዱንም ጀመረ።